የኦይስተር እጮች ምን ይመገቡ ነበር?

ኦይስተር የተባለውን ባለሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ሰው ማርባት የጀመረው ጥንት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሰርጊዩስ ኦራታ የሚባል ሮማዊ በሉክሪን ሐይቅ የኦይስተር ማርቢያ ሠርቶ ብዙ ገንዘብ እንዳገኘበት ፕሊኒ ጽፎአል። ይሁን እንጂ እርሱም ሆነ ከእርሱ በኋላ የተነሡት አርቢዎች ያሳድጉ የነበረው ራሱን ችሎ ድንጋይ ላይ የተጣበቀውን ታዳጊ ነበር እንጂ እንቁላሉን አልነበረም። እንቁላሉ ከተፀነሰበት ሰዓት አንሥቶ እጩ ድንጋይ ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ለአርቢው ሁሉ እንደ ተዘጋ ክፍል ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት የምንሞክረው ይህ ክፍል እንዴት እንደ ተከፈተ ነው። ብዙ ጊዜ ሲነገር የምንሰማው ማጣሪያውና ገንዳው፣ ማሞቂያውና ቧንቧው እንደ ከፈቱት ነው፤ እኛ ግን የከፈተው ቁልፍ ሌላ ይመስለናል። ቁልፉ ‹‹እጩ ምን ይበላል?›› የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄው በትክክል ተጠይቆ መልስ እስኪያገኝም 60 ዓመት ያህል አልፎአል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቃለን። አንደኛ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ኦይስተርን በዓይን አይተው እንደማያውቁ እንገምታለን፤ በጾምም ሆነ በፍስክ ከገበታችን የማይቀርብ ፍጥረት ነውና። ስለዚህ ስለ ጠባዩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የሚገኘው የኦይስተር ዓይነት እንቁላሉንና ዘሩን ወደ ባሕር ውሃ ይለቃል፤ አንዲቱ እናት በአንድ ወቅት በሚሊዮኖች የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ 50 ያህል ነው። ከተፀነሰ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ስስ ዛጎል ያበቅልና በጠርዙ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ የሚዋኝ እጭ ይሆናል። እነዚያው ፀጉሮች በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ ወደ አፉ ያቀርቡለታል። አልጌ ስንል በኩሬ ላይ ሲረጋ አረንጓዴ ሆኖ የምናየውን ዓይነት ፍጥረት ነው፤ የባሕሩ ግን አብዛኛው እያንዳንዱ ለብቻው የሚኖር አንድ ሴል ስለ ሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የእጩ አፍ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እጅ 10 ያህል ከሚሆነው የበለጠ ጉርሻ አያልፍለትም።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የፈረንሳይ የኦይስተር መስኮች ያለ ልክ ስለ ተመለመሉ ቪክቶር ኮስት የተባሉት ሊቅ በሦስተኛው ናፖሌዎን ድጋፍ በ1858 በሴን ብሪዮ ወሽመጥ ሙከራ ጀመሩ። የሙከራው አሳብ ቀላል ነበር። የሚዋኘው እጭ የሚጣበቅበት እንዲያገኝ የጭራሮ እስር በባሕር ወለል ላይ ማጋደም ነው። የሴን ብሪዮው ሥራ ውሎ አድሮ ቢከሽፍም አሳቡ አልጠፋም፤ በአርካሾን ወሽመጥ ኖራ የተቀባ የሸክላ ጡብ በጭራሮው ፈንታ ገብቶ እርባታው ጸና። ነገር ግን እዚያም ቢሆን አርቢው ደጅ ጠኚ ነበር። እጩን የሚመግበው ባሕሩ ነው፤ ባሕሩ በለገሰበት ዓመት ጡቡ በዘር ይሸፈናል፤ በነፈገበት ዓመት ባዶውን ይወጣል። ‹‹ዘር›› የምንለው አርቢዎቹ ራሳቸው ለተጣበቀው ታዳጊ የሚሰጡትን ስም ተከትለን ነው።

እንቁላሉን በሰው እጅ ማስፀነስ የተቻለው በአሜሪካ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ኪት ብሩክስ በ1879 በቼሳፒክ ወሽመጥ ዳር በክሪስፊልድ ሆነው የወንዱንና የሴቲቱን ዘር በብርጭቆ ውስጥ ቀላቅለው እንቁላሉ ሲከፈል፣ እጩም ሲዋኝ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። ውጤቱንም በ1880 አሳተሙት። የአውሮፓው ኦይስተር እጮቹን በእናቲቱ ክዳን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ስለ ሆነ የአሜሪካውም እንዲሁ ይመስል ነበር፤ ልዩ መሆኑን ያስረዱት ብሩክስ ናቸው። ይህ ግኝት በወቅቱ ተራ የትምህርት ቤት ጨዋታ አልነበረም። የቼሳፒክ አጥማጆች ወሽመጡን እያራቆቱት ነበር፤ በ1884 እና በ1885 መካከል በነበረው የማጥመጃ ወቅት ብቻ ከሜሪላንድ ውሃ 15 ሚሊዮን ቡሼል ያህል ኦይስተር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ተገኝቶ አያውቅም። ታዲያ በሚሊዮን የሚቈጠር እንቁላል በአንድ ሳህን ማስፀነስ ከተቻለ የጠፋውን ለመተካት ምን ያግዳል ተባለ።

ያገደው የእጩ ሞት ነበር። ብሩክስም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የሞከሩት እጮቹን ከጥቂት ቀን በላይ ማኖር አልቻሉም። ምክንያቱን ሲፈልጉ ውሃው አልተለወጠም፣ ሙቀቱ አልተስማማም፣ ገንዳው ጠበበ እያሉ ነው። ውሃውን ለመለወጥ ሲሞክሩ ደግሞ እጮቹ ከውሃው ጋር ፈስሰው ያልቃሉ። ይህን ችግር በ1920 አካባቢ የፈቱት በኒው ዮርክ ግዛት አገልግሎት የነበሩት ዊልያም ፈርዝ ዌልስ ናቸው። የተጠቀሙበት መሣሪያ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ገበሬ ክሬሙን ከወተቱ የሚለይበት የሚሽከረከር መኪና ነበር። እጮቹን በዚያ እያሽከረከሩ ከአሮጌው ውሃ ለይተው ወደ አዲስ ውሃ ያስገቧቸው ጀመር፤ እስኪጣበቁ ድረስም አደረሷቸው። እኒሁ ዌልስ ኋላ ፊታቸውን ወደ ሕክምና አዙረው የሳንባ ነቀርሳ በአየር እንዴት እንደሚተላለፍ በመመርመር ስማቸው የበለጠ ታወቀ።

ብዙ ጸሐፊዎች በዚህ ላይ መኪናውን ያመሰግናሉ። እኛ ግን መኪናው ሳይታሰብ የሠራውን ሌላ ሥራ ማየት እንወዳለን። በየጊዜው አዲስ የባሕር ውሃ ይገባል ማለት በየጊዜው አዲስ አልጌ ይገባል ማለት ነው። ዌልስ እጮቹን ያጠቡ ሲመስላቸው ያበሉም ነበር። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት ጆሴፍ ግላንሲ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። በዚያው በሚሽከረከር መሣሪያ የባሕሩን ውሃ ራሱን አጠሩት፤ ትልልቁ አልጌና እጩን የሚሻማው ጥቃቅን እንስሳ ተለይቶ ሲወጣ ከሁሉ የሚያንሰው አልጌ በውሃው ቀረ። ያንን ውሃ መስተዋት በለበሰ ቤት ፀሐይ ላይ አቆይተው አልጌው ሲባዛ ለእጮቹ ሰጡ። ዌልስና ግላንሲ በሚባለው በዚህ ዘዴ እስካሁንም የሚሠሩ አሉ። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ በገንዳው ውስጥ የሚበዛው አልጌ የትኛው እንደ ሆነ አርቢው አያውቅም። ውሃው ቡናማ ሲመስል መልካም፣ ሲከፋ ደግሞ ዕድል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ከመጠን ወደ ዓይነት መዞር ነበረበት። የዞረውም በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው አይል ኦፍ ማን በተባለች ደሴት፣ ፖርት ኤሪን በሚገኘው የባሕር ምርምር ጣቢያ ነው። ሜሪ ፓርክ የአልጌ ሊቅ ነበሩ። በ1938 ከጣቢያው የዓሣ ኩሬ ውሃ ቀድተው በውስጡ የሚዋኙትን ደቃቅ አልጌዎች አንድ በአንድ ለዩና እያንዳንዱን ዘር በየብልቃጡ ለብቻው አባዙት። የባሕር ውሃው ብቻውን ስለማያጠግባቸው ከአትክልት አፈር ተቀቅሎ የተጣራ ጭማቂ ይጨመርላቸው ነበር። ከዚያ ከብሩስና ከናይት ጋር ሆነው እያንዳንዱን ለአውሮፓው ኦይስተር እጭ አቀረቡ። ውጤቱ በ1940 ታተመ፤ አንዱ አልጌ እጩን ያሳድጋል፣ ሌላው ያቀጭጫል። ከሁሉ የተሻለው በብልቃጡ ላይ ‹‹አይ›› በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይጠራ የነበረው ወርቃማ ቡኒ አልጌ ነበር። ፓርክ በ1949 አይሶክራይሲስ ጋልባና የሚል የሳይንስ ስም ሰጡት። ከዚያች ብልቃጥ የተወለደው ዘር ዛሬም በስኮትላንድ በሚገኘው የአልጌ ስብስብ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ እየተዛወረ ይኖራል። በእኛ ፍርድ የዛጎል እርባታ ታሪክ ለሁለት ይከፈል ከተባለ መክፈያው ዓመት ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት የነበሩት ሁሉ የጠየቁት ‹‹ስንት?›› ብለው ነበር፤ ፓርክና ባልደረቦቻቸው ግን ‹‹የትኛው?›› ብለው ጠየቁ።

የዚህ ልዩነት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ባሕሩ ራሱ ለሎንግ አይላንድ አርቢዎች በመራራ መንገድ አስተማራቸው። በዚያ በሞሪችስ ወሽመጥና በታላቁ ደቡብ ወሽመጥ ዙሪያ ብዙ የዳክዬ እርባታዎች ነበሩ። የዳክዬው ኵስ ወደ ወሽመጡ እየፈሰሰ ውሃው እንደ ጎመን ጭማቂ አረንጓዴ ሆነ። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ኦይስተሩ ጥጋብ የመጣለት ይመስላል፤ አልጌ የሚበላ እንስሳ በአልጌ ባሕር ውስጥ ተቀምጦአልና። ኦይስተሩ ግን ከሳ፤ አርቢዎቹም ኪሣራ ላይ ወደቁ። ጆን ራይዘር በ1954 ያሳተሙት ምርመራ ነገሩን ገለጠው። ኵሱ የመገበው ናኖክሎሪስና ስቲኮኮከስ የተባሉትን እጅግ ደቃቅ አረንጓዴ አልጌዎች ነበር፤ እነርሱ ሲነግሡ ኦይስተሩ ይመገባቸው የነበሩት ሌሎቹ ዓይነቶች ከወሽመጡ ጠፉ። በጎተራ ሙሉ እንክርዳድ መካከል መራብ ማለት እንዲህ ነው። ይህን ታሪክ በዚህ ያገባነው ስለ እጮች ብቻ ባይሆንም የኦይስተር ምግብ በውሃው አረንጓዴነት እንደማይለካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ስላላገኘን ነው።

በዚያው ዘመን ከሎንግ አይላንድ ማዶ፣ በኮኔቲከት ግዛት በሚልፎርድ ከተማ፣ የአሜሪካ መንግሥት የዛጎል ለበስ እንስሳት ላቦራቶሪ ነበረው። ዳይሬክተሩ በኪየቭ የተወለዱት ቪክቶር ሉሳኖፍ ነበሩ። እርሳቸው አስቀድመው በክረምት ኦይስተሩን ቀስ በቀስ ወደ ሞቀ ውሃ በማሳለፍ በፈለጉት ወር እንዲወልድ ማድረግን አሳዩ። ይህ ለምግብ ምርመራው በር ከፈተ፤ ዓመቱን ሙሉ እጭ ካለ ዓመቱን ሙሉ መሞከር ይቻላል። የሙከራውን ዋና ሸክም የተሸከሙት ሃሪ ዴቪስ ናቸው። በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ በየላቦራቶሪው በቀላሉ የሚባዛው ክሎሬላ ለጨቅላው የኦይስተር እጭ እንደማይረባ አሳዩ፤ እጩ ጥቂት ቀን ካደገ በኋላ ግን ሊጠቀምበት ይጀምራል። ክሎሬላ ጠንካራ ሽፋን ያለው ሴል ነው፤ አይሶክራይሲስ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ቆሎና ገንፎ አንድ እንዳልሆኑ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ የሚልፎርዱ ሰዎች ይህንኑ ስለ ኦይስተር ልጅ ለማወቅ የብዙ ዓመት ድካም ወሰደባቸው።

በ1958 ዴቪስና ሮበርት ጊላርድ አብረው ያሳተሙት ጥናት የአሥር ወገን ደቃቅ ፍጥረታትን የምግብነት ዋጋ ለኦይስተርና ለክላም እጮች ያወዳድራል። አይሶክራይሲስና ሞኖክራይሲስ ግንባር ቀደም ሆኑ። ከዚህ የሚበልጠው ፍሬ ነገር ግን መልካም መልካሞቹ ተደባልቀው ሲሰጡ እጩ በአንዱ ብቻ ከሚያድገው ይልቅ ፈጥኖ ማደጉ ነው። ለምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ሊያስረዱ አልቻሉም፤ አለመቻላቸውን ሳይሸሽጉ ውጤቱን ብቻ መዝግበው ማለፋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ሚልፎርድ ሌላም ነገር አስተምሮአል፤ ምግብ ሲበዛ ራሱ ይገድላል። ከልክ በላይ የተጨመረ አልጌ ውሃውን ያበላሻል፤ የሞተው አልጌ ባክቴሪያን ያረባል፤ ባክቴሪያው እጩን ይጨርሳል። የብዙ አርቢ ገንዳ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው ከስስት ሳይሆን ከልግስና ብዛት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ጊላርድ ከሚልፎርድ ወደ ዉድስ ሆል ሄደው የምግቡን ምግብ መመርመር ቀጠሉ። አልጌውም እንደ ማንኛውም ተክል ማዳበሪያ ይሻልና፤ ናይትሬትና ፎስፌት፣ ብረትና ሌሎች ጥቂት ማዕድናት፣ ከዚህም ጋር ቪታሚን ቢ አንድ፣ ቢ አሥራ ሁለትና ባዮቲን። በ1962 ከራይዘር ጋር ያሳተሙት ቅምር እየቀጠነ ዛሬ በዓለም ያሉ የዛጎል ማስፈልፈያ ቤቶች ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ ያ የፓርክ የአፈር ጭማቂ በተመዘነ ጨው ተተካ ማለት ነው። በ1958 ከሞሪችስ ወሽመጥ፣ ከዚያው ዳክዬዎቹ ካበላሹት ውሃ፣ ጊላርድ የለዩት አንድ ዳያቶም ደግሞ መልካም የኦይስተር ምግብ ሆነ፤ በ2004 የዘር ቅንብሩ ሙሉ በሙሉ የተነበበለት የመጀመሪያው ዳያቶም እርሱው ነው።

በዌልስ አገር በኮንዊ የሠሩት ፒተር ዎልን በ1970 የ19 ወገን አልጌዎችን ዋጋ ለታዳጊ ኦይስተር፣ ለክላምና ለመስል መዝነው አወጡ፤ አንዱን የሚያፋፋው ለሌላው ያንኑ ያህል እንደማይሆን ታየ። የድብልቁ ምሥጢር የተፈታው ግን የስብ ኬሚስትሪ ሲመረመር ነው። ከስብ አሲዶች መካከል ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ሁለቱ ለኦይስተር እድገት የግድ ናቸው፤ ኦይስተሩ ግን የሚበቃውን ያህል ራሱ አይሠራቸውም። አይሶክራይሲስ ዲኤችኤ አለው፣ ኢፒኤው ጥቂት ነው፤ ኬቶሴሮስና ቴትራሴልሚስ በኢፒኤ ይሻላሉ፣ በዲኤችኤ ይደኸያሉ፤ ዱናሊዬላ ከሁለቱም የለውም። ላንግደንና ዎልዶክ በ1981 ይህን በማያሻማ መንገድ አሳዩ። ደካማውን ዱናሊዬላ ለታዳጊ የፓሲፊክ ኦይስተር እየሰጡ ዲኤችኤ የሞላበት ደቃቅ እንክብል ሲጨምሩበት እድገቱ ተሻሻለ። የተጨመረው ያ ስብ ብቻ ነበርና የጐደለው ምን እንደ ነበረ ታወቀ። ሽሮ ያለ እንጀራ፣ እንጀራም ያለ ወጥ እንደማያጠግብ ሁሉ ሁለቱ አልጌዎች አንዱ የሌላውን ጐዶሎ ይሞሉ ነበር ማለት ነው።

እውቀቱ ግን ርካሽ አልሆነም። ኩቶና ሶርገሎስ በ1992 ማስፈልፈያ ቤቶችን ጠይቀው እንዳወጡት ከዘሩ ማምረቻ ወጪ በአማካይ 30 ከመቶ ያህሉ የሚሄደው አልጌ ለማባዛት ነው። የደረቀ አልጌ፣ እርሾና ሰው ሠራሽ እንክብል ተሞክረዋል፤ ለእጩ ግን ሕያው አልጌን ሙሉ በሙሉ የተካው የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አርቢው አንድ ነገር ሲያጋጥመው ጣቱን መጀመሪያ ወደ ምግቡና ወደ ባክቴሪያው መቀሰሩ አያስደንቅም። በ2007 እና በ2008 በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ በኦሪገን ግዛት በኔታርትስ ወሽመጥ ዳር ባለው የዊስኪ ክሪክ ማስፈልፈያ፣ እጮች በብዛት ማለቅ ጀመሩ። ለብዙ አርቢዎች ዘር የሚሸጥ ቤት ስለ ነበር ጉዳቱ በጠረፉ ሁሉ ተሰማ። አስቀድሞ የተጠረጠረው ቪብሪዮ የተባለው ባክቴሪያ ነበር፤ ውሃ የሚያጠራ ውድ መሣሪያ ገባ፤ እጮቹ ግን መሞታቸውን አልተዉም። አለን ባርተን፣ ቡርክ ሄልስና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙት ምርመራ ምክንያቱን ከውሃው ኬሚስትሪ አገኘው። ነፋስ ከጥልቁ የሚያወጣው የፓሲፊክ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ነው፤ ሰው ወደ አየር የሚለቀውም ተጨምሮበት እጩ ዛጎሉን የሚሠራበት የካርቦኔት መጠን ያንሳል። ማስፈልፈያው ወደ ገንዳው በሚገባው ውሃ ላይ ሶዲየም ካርቦኔት በመጨመር ሥራውን አዳነ።

ታዲያ ምግብ በዚህ ነገር የለበትም ማለት ነውን? እኛ እንዲህ ለማለት አንደፍርም። እጩ የመጀመሪያውን ዛጎል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ በደንብ መብላት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ኃይሉን የሚያወጣው እናቲቱ በእንቁላሉ ካስቀመጠችለት ስብ ነው። ውሃው በጐመዘዘ መጠን ዛጎሉ ብዙ ስንቅ ይጨርስበታል። ሄልም፣ ሆላንድና ስቲቨንሰን በ1973 እንዳሳዩት ደግሞ ከመውለዷ በፊት አልጌ የተጨመረላት የአውሮፓ ኦይስተር የምትወልዳቸው እጮች የስብ ስንቃቸው የበዛና ብርቱዎች ናቸው። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት የኔታርትስ ወሽመጥ እጮች የነበራቸው ስንቅ እናታቸው ከበላችው የተረፈው ነበር ማለት ይቻላል።